ለጊዜው የተቀመጠ ድምፅ

በአንድ ወቅት፣ ወፍጮና ኮምፒውተር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር በጀመሩበት ዘመን፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ አቶ ዳምጤ የሚባሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ። የሰው ጆንያ ተሸክመው የራሳቸውን ወፍጮ የተከሉ፣ ያዩትን ሁሉ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። የሚገባውን ጆንያ ይቆጥራሉ፣ የሚወጣውን ይቆጥራሉ፣ ሥራ ሲጠፋ የጎረቤት ዶሮ ይቆጥራሉ።

«የእኛዎቹን ለማን ትተህ ነው?» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ።

አቶ ዳምጤ የማይቆጥሩት ነገር ቢኖር «ለጊዜው» ብለው ያደረጉትን ነው። አጥሩን ለጊዜው በአሮጌ ቆርቆሮ አጠሩት፤ ልጆቹ አድገው ወጡ፣ ቆርቆሮው ግን አለ። በሩን ለጊዜው በሽቦ አሰሩት፤ ሽቦው ዛሬም በር ይዘጋል። በዚያ ቤት ለጊዜው የተቀመጠን ነገር ማንም ከቦታው አያነሣውም። ሦስቱ ልጆች ይህን እያዩ ነው ያደጉት።

ወይዘሮ አትጠገብ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ነፍሳቸውን እንደሚያተርፍ፣ ድምፃቸውን ግን እንደሚወስድ ነገሯቸው። ትልቋ ልጅ ስንዱ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እናትየዋ ግጥሙን ራሳቸው እየፈጠሩ፣ የልጁን ስም እያስገቡ የሚያዜሙት እሹሩሩ አላቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተኙት በእሱ ነው። ስንዱም ለሚወለደው ልጇ ፈለገችው።

«እማዬ፣ አባዬ ጆንያ በሚጽፍበት ኮምፒውተር ላይ ዝፈኚልኝ።»

«ለብረት እሹሩሩ?» ብለው ሳቁ።

«ለብረት አይደለም፣ ለዚህ ነው» አለችና እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ታናሿ ውድነሽ ተቆጣች። «ሟርተኛ! ሰው ሳይሞት ድምፁ ይቀበራል እንዴ?» ብላ በሩን በላያቸው ዘግታ ወጣች።

ስንዱ ግን ቀረጸች። ኮምፒውተሩ በአማርኛ የሚሠራ ነበርና የት ላስቀምጠው ብሎ ሲጠይቃት፣ ከተደረደሩት ስሞች መካከል «ጊዜያዊ» የሚለውን አየች። የዚያ ቤት ልጅ ናትና ከዚህ የተሻለ የት ይከርማል ብላ እዚያ አስቀመጠችው።

ማሽኑ የዚያ ቤት ልጅ አልነበረም። ጊዜያዊ የተባለውን ሁሉ፣ ሰንብቶ የሚነካው ካጣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እንዲያጠፋ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህን አታድርግ ያለውም አልነበረም። እናትየዋ ድምፅ አልባ ሆነው ከሆስፒታል ተመለሱ፣ ስንዱም ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ አልተኛ ሲላት እሹሩሩውን ልታሰማው ከፈተች። የለም።

ሁለተኛው ልጅ ሞላልኝ ባሕር ዳር ኮምፒውተር እየጠገነ ይተዳደራል። ማሽኑን ለአባቱ ያመጣውም፣ አማርኛ ያስተማረውም እሱ ነው፤ ያን የማጥፋት ልማዱን ግን ሳያስጥለው ነበር የሄደው። ስንዱ እያለቀሰች ደወለችለት።

«ከዚያ ወዲህ ማን ነካው?»

«አባዬ ጆንያ ይጽፍበታል።»

«አስቁሚው! ማሽኑ ያጠፋው ስሙን ነው፤ ድምፁ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው አለ። አባዬ ጆንያ በጻፈ ቁጥር እማዬ ላይ እየጫነባት ነው።»

አቶ ዳምጤ ይህን ሲሰሙ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያም ሞላልኝ እስኪመጣ ድረስ ማንም እንዳይጠጋ ማሽኑ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ።

ሞላልኝ ደረሰ፤ እህል ሳይቀምስ ሥራው ላይ ተደፋ። ስብርባሪውን ለቃቅሞ እሹሩሩውን አወጣው። የእናትየዋ ድምፅ ቤቱን ሲሞላ አቶ ዳምጤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ነገር ግን መሃል መሃሉ ተበልቷል። ዜማው ደህና ይመጣና ስንኙ ሊያልቅ ሲል ጭጭ ይላል። ሕፃኑም ሊያሸልብ ይልና ጸጥታው ይቀሰቅሰዋል።

ሟርት ነው ብላ የወጣችው ውድነሽ ሕፃኑን ተቀበለች። እናቷ የሰፈሩን ልጅ ሲያስተኙ አብራ ስትሰማ የኖረች ናት። ድምፁ ሲቋረጥ እሷ ቀጠለች፤ ግጥሙ የእናቷ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ እንኳ የእናቷ። ቀረጻው ሲመለስ ዝም አለች፣ ሲቋረጥ ደግሞ ገባች። ሕፃኑ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይለይ ተኛ።

ወይዘሮ አትጠገብ ተነሥተው የብር ሐብላቸውን አመጡ። ቁስሉ ላይ እያረፈ ስላስቸገራቸው ዳግመኛ አያደርጉትም። ባላቸው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ በጣታቸው ጉሮሯቸውን፣ ቀጥሎም ልጆቹን አመለከቱ።

«ድምፅሽን ለመለሰልሽ ልስጥ ነው የምትዪው?»

አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ዳምጤ ጠብ ሊገላግሉ ተዘጋጅተው ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«የሞላልኝ ነው» አለች ስንዱ። «እኔ አጥፍቼው እሱ ነው ያገኘው።»

«ሐብል አንጠልጥዬ ጥገና ቤት ልቀመጥ? ለሚስቴ ልስጣት ብልም፣ ይህን የተቆራረጠ ድምፅ ብትሰማ ታፍርብኛለች። ማሽኑን ከነአመሉ ያመጣሁትስ እኔ አይደለሁ? ለውድነሽ ስጧት፤ ያስተኛችው እሷ ናት።»

«የእኔ ድምፅ የእማዬ አይደለም» አለች ውድነሽ። «በእኔ ቢሆን ጭራሽ አይቀረጽም ነበር። ስንዱ ባትደፍር ምኑን እቀጥል ነበር?»

አቶ ዳምጤ አንዷን ሲያስቀድሙ ሌላው ይበልጥባቸዋል፤ እሱን ሲያነሡ ሦስተኛዋ ትመጣባቸዋለች። ወይዘሮ አትጠገብ የባላቸውን መጨነቅ አይተው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። ሐብሉ በአቶ ዳምጤ መዳፍ ውስጥ ሞቀ።

እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ከቀረጸችው፣ ቆፍሮ ካወጣውና የጎደለውን ከሞላችው፣ የእናትየዋን ድምፅ የመለሰው ማን ነው? ሐብሉስ የማን አንገት ላይ ይዋል?