ከታች የቀረው ቤንዚን

ይህን ታሪክ የኔታ ስምዖን ሲናገሩት የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጻፍኩትም ከሰማሁ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ አሳስቼ ሊሆን ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ከመንታ መንገዱ እስከ ጤና ኬላው ያለውን ርቀት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያሉ ይመስለኛል፤ አብሮኝ የነበረ ሰው ግን አሥራ አራት ነው ያሉት ይላል። መጨረሻ ላይ ለጠያቂያቸው ለአስናቀው የተናገሩትን ግን ቤት እንደገባሁ ደብተሬ ላይ ስላሰፈርኩት፣ ቃሉ ከሞላ ጎደል የእርሳቸው ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ፣ ቀኑ እሑድ ነበር። የኔታ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ ጥያቄ ይቀበላሉ። የዚያን ቀን የጠየቀው አስናቀው ነበር። አስናቀው የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል። አንዲት ልጅ አለችው፤ ትርሲት ትባላለች። ከአምስት ዓመት በፊት እርሱ ያልወደደውን ሰው አገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላናገራትም። የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በረንዳው ላይ የነበርነው ሁላችን ይህን እናውቃለን።

ጥያቄው እንዲህ ነበር።

«የኔታ፣ ሰው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ የበደለውን ይቅር ቢል ይቅርታው ጎደሎ ነው? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የተጣላው ተጠርቶ፣ ታርቆ የሚሞት ስንት ሰው አይተናል። ለእነዚያ ከተቆጠረላቸው እኔ አሁን የምቸኩለው ለምንድን ነው?»

አጠገቡ የተቀመጠ ሰው፣ አስናቀው ለሞትም እንደ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ የሚሰጠው መስሎታል ብሎ ቀለደበት። ሳቅን። የኔታ አልሳቁም። ልጁን ይቅር ለማለት በእርግጥ አስቦ እንደሆነ ጠየቁት። አስናቀው፣ ይቅርታውስ ልቡ ውስጥ እንዳለ፣ አንድም ቀን ጠፍቶበት እንደማያውቅ ነገራቸው። የኔታም ይህን ነገሩን።

አንድ ሰው ነበረ። ቆላ ወረዳ ውስጥ በሞተር ሳይክል መድኃኒት ያመላልስ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ዝናብ ቢመጣ፣ ወንዝ ቢሞላ የታዘዘውን ያደርሳል።

የሞተሩ የቤንዚን ቋት ከሥሩ መክፈቻ ነበረው። መክፈቻው በተለመደው ቦታ ሲሆን ቤንዚኑ የሚወርደው ከፍ ብሎ ከቆመ ቱቦ ነው። ቤንዚኑ ከዚያ ቱቦ አፍ በታች ሲወርድ የሞተሩ ድምፅ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ነጂው መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ ያዞረዋል። ከታች የቀረው ቤንዚን ይወርድለትና ማደያ ያደርሰዋል። ሪዘርቭ የተሠራው ለዚህ ነው።

በዚያ አገር ያሉ የሞተር ነጂዎች ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ማታ ሲገናኙ ሪዘርቭ ማንን የት ድረስ እንደወሰደው ይፎካከራሉ። አንዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲል ሌላው ሠላሳ ይላል። ቋቱ ሳይጎድል ቤንዚን የሚቀዳውን ነጂ «አሮጊት» ብለው ይጠሩታል። መድኃኒት የሚያመላልሰውም ሰው አሮጊት መባል አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ድምፁ እስኪቆራረጥ ይነዳል፤ ሲቆራረጥ ሳይቆም ግራ እጁን ወደ ታች ሰዶ መክፈቻውን ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማደያ ያስባል።

የእርሱ ሪዘርቭ የሚታመን አልነበረም። አንድ ቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወሰደው። ሌላ ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ተወው። ያን ጊዜ ወረደና ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ ነቀነቀው፣ በቋቱ አፍም እፍ አለበት፤ ተነሣለት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር የወሰደውን ቀን ለሁሉም ሰው ያወራል። ያስተኛውን ቀን ግን ለመካኒኩ ብቻ ነገረው።

መካኒኩም ከሥር ዝገትና ጭቃ ተጠራቅሞ እንደሆነ ነገረው። ቋቱ ወርዶ መታጠብ አለበት፣ ግማሽ ቀን ይበቃኛል፣ ሞተሩን ተውልኝ አለው። ሰውየው፣ የሚመጣው ሳምንት አመጣዋለሁ አለ። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ አለ። በሦስተኛው ጊዜ መካኒኩ፣ «የሚመጣው ሳምንት የሚባል ልጅ አለህ እንዴ? እዚህ በመጣህ ቁጥር ስሙን ትጠራዋለህ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ ሰውየው ጥላ ሥር ተጋድሞ የዋለባቸው፣ ሞተሩም ያለ ሥራ የቆመባቸው ብዙ ቀኖች ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለት። የደወለችው የሩቁ ጤና ኬላ ነርስ ናት። የአንድ ገበሬ ሚስት በጠዋት ወልዳ ደሟ አልቆመም፤ ኬላው ውስጥ የነበረው መድኃኒት ማቀዝቀዣው ቆሞ ተበላሽቷል። ነርሷ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ካደረስክልኝ አተርፋታለሁ አለችው። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አላለችም።

ሰውየው መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን አድርጎ ከኋላው አሰረና ወጣ። የቤንዚን ማደያው በከተማው በሌላኛው ጫፍ ነበር፤ ሰልፍም ነበረው። ቋቱን በዓይኑ ለካው፤ ያለው ከሪዘርቩ ጋር ያደርሰኛል ብሎ አሰበ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስሌቱ ትክክል ነበር።

መንታ መንገዱ ጋ ሊደርስ ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። እንደ ልማዱ እጁን ሰዶ መክፈቻውን አዞረው፤ ሞተሩም ተነሣለት። በመንታ መንገዱ ላይ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትሸጥ ሴት አለች። ሁለት ባጃጆች ቆመው ትቀዳላቸዋለች። እርሱ እረኞች ከብት ስለሚያሻግሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሴትዮዋም ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ና ቅዳ፣ ወንድሜ። ድምፁ እኮ ከዚህ ይሰማል፤ አልቆብሃል» አለችው።

«ሪዘርቭ ላይ ነኝ። ስመለስ እቀዳለሁ።»

«ሪዘርቭ ያለኝ ሁሉ እየገፋ ነው የሚመለሰው።»

«የሰው ነፍስ ይዣለሁ፣ እቴ። ልቆም አልችልም።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አወረደች። «እንዲህ ካልክማ ሂድ። እመብርሃን ትቅደምልህ» አለችው።

ከብቱ አለፈ፤ እርሱም አለፈ። ሰዓቱ ስድስት ነበር። የቀረው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ክፉ ቢሆንም በግማሽ ሰዓት ይደርስ ነበር።

አራት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሞተሩ ቆመ። ወረደና ነቀነቀው። በጎኑ አስተኛው፤ አነሣው፤ እንደገና በሌላው ጎኑ አስተኛው። በቋቱ አፍ እፍ አለበት፤ ከንፈሩ በቤንዚን ተቃጠለ። ጆሮውን አስጠግቶ ሲነቀንቀው ቤንዚኑ ውስጡ ሲንቦጫቦጭ ይሰማዋል። ባዶ ቢሆን ወዲያው ትቶት ይሄድ ነበር። ድምፁን ስለሰማ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ታገለው።

በመጨረሻ ሣጥኑን ፈታ። ወደ ሴትዮዋ ልመለስ ወይስ ወደ ፊት ልሂድ ብሎ አሰበ። ወደ ኋላ አራት ነው፤ ቤንዚኑን ይዞ ሞተሩ ጋ ለመመለስ ደግሞ ሌላ አራት። ወደ ፊት ስምንት ነው። ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ፊት ሮጠ። በቆላ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን፣ ስምንት ኪሎ ሜትር። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁለቱም ጊዜ ሣጥኑን ከመሬት አዳነው።

ኬላው ሲታየው ሰባት ተኩል አልፎ ነበር። የወላዷ ባል፣ ያ ገበሬ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ አየው። ሰውየው ግን አሁንም ይሮጥ ነበር። ገበሬው ወደ እርሱ መጣና ሣጥኑን ከእጁ ተቀበለው።

«በቃ፣ አሁን አትሩጥ፣ ወንድሜ» አለው። «መጀመሪያ ውሃ ጠጣ።»

ከወላዷ ቀብር በኋላ ሞተሩን በጭነት መኪና ወደ መካኒኩ ወሰዱት። መካኒኩ ቋቱን አውርዶ መክፈቻውን ፈታ። ምንም አልወረደም። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ወጋ አደረገው፤ እንደ ቡሽ የተወተፈ የዝገት ጭቃ ወጣ፤ ከኋላው ቤንዚኑ ወረደ። ሳፋ ውስጥ አጠራቀመው። አንድ ሊትር ተኩል ነበር፤ ጥሩ ቤንዚን ነው፣ ምንም አልሆነም። ስምንቱን ኪሎ ሜትር ወስዶ፣ መልሶም የሚያመጣው ነበር። መካኒኩ ሳፋውን ለሰውየው አሳየው፤ የዚያን ቀን ሁለቱም አልሳቁም።

ታሪኩ ይህ ነው። የኔታ ይህን ብለው ወደ አስናቀው ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚህ በታች ያለውን ነው ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት።

«አስናቀው፣ የሞት አልጋ ይቅርታ ጎደሎ ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ጎደሎ አይደለም። በሳፋ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ጎደሎ ነበር? ንጹሕ ነበር። አንተም ይቅርታ የለህም አላልኩህም፤ አለህ። የልጅህ ስም ሲነሣ ፊትህ ሲለወጥ አየዋለሁ፤ በውስጥህ ሲንቀሳቀስ እኔም ይሰማኛል። ግን ከታች ነው ያኖርከው፤ ዝቃጩም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። በየዓመቱ ትንሽ ቂም፣ ትንሽ ኩራት፣ ትንሽ እፍረት ይወርድበታል። ‹ስፈልገው አዞረዋለሁ› ትላለህ። መክፈቻውስ ይዞራል፤ የሚወርድልህ መኖሩን ግን በምን አወቅህ?

«ያ ሰው የጠፋው በዚያ ቀን መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። በዚያ ቀን የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ሴትዮዋ ጋ አለመቆሙም ለደግ ነበር። የጠፋው ሥራ ፈትቶ ጥላ ሥር በተጋደመባቸው ቀኖች ነው። ግማሽ ቀን ነበር የተጠየቀው። አንተም የግማሽ ቀን መንገድ ነው ያለህ። በሞት አልጋህ ላይ እንደዚያ ሰው ትሮጣለህ፤ የምትሮጥበት እግር ግን አይኖርህም።»

 የአስናቀው ዓይን ውሃ ማቅረሩን አይቻለሁ፤ ወይም ያየሁ መስሎኛል። ከዚያ ተነሥቶ የኔታን ጉልበት ሳመ።

«ገብቶኛል፣ የኔታ» አለ። «ወፍጮው አሁን የምርት ጊዜ ስለሆነ ነው እንጂ ነገውኑ እሄድ ነበር። ለፋሲካ እሄዳለሁ። በግ ይዤ ነው የምሄደው።»

የኔታ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሌሎቹ ግን ደስ አላቸው፤ በጉን ከየት ቢገዛ እንደሚሻል ሲመክሩት እስከ ደጁ ተከትለውት ወጡ።

አስናቀው የካቲት መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ መናገርም አቃተው። ለትርሲት ተደወለላት፤ በማግሥቱ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሰው የተለያየ ነገር ሲያወራ ሰማሁ፤ አንዳንዱ ታርቋት ሞተ ይላል፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት ይላል። የሰማሁትን እንዳለ መጻፍ ስላልፈለግሁ ባለፈው ሳምንት ሄጄ እርሷኑ ጠየቅኋት። እስኪሞት ድረስ ስምንት ቀን አጠገቡ ተቀምጣለች። ስትገባ አውቋታል። በደኅናው እጁ እጇን ይዞ በየቀኑ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠው ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣም።