የበረረው ጓል

ተረት ተረት፣ ጦሙን ያደረ መሬት።

አንዲት አሮጊት ኤሊ ነበረች። በልጅነቷ ማሳው ሁሉ በድርጭት የተሞላ ነበር። በኋላ ግን መሬቱ በየዓመቱ ያለ ዕረፍት ሲታረስ፣ የዳሩም ሣር ሲመነጠር ወፎቹ ጠፉ። ከኤሊ በቀር የሚያስታውሳቸው አልተገኘም።

"ጓል የምትመስል ወፍ ነበረች፤ አጠገቧ እስኪደርሱ ድረስ አትነሳም" ትላለች።

ችኩሉ ጥንቸል ይስቅባታል። "እማማ ኤሊ፣ ጓል ደግሞ መብረር ጀመረ? ዛሬስ ፀሐዩ መትቶዎታል።"

ኤሊ አትከራከርም። ነገር ግን "እኔም አይቻለሁ" የሚላት ስላጣች፣ "ምናልባት በህልሜ ይሆን?" እያለች ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ከጥንቸል ሳቅ ይልቅ ይህ አስጨነቃት።

አንድ ዓመት ባለቤቱ ማሳውን ሳያርሰው ቀረ፤ ሣሩም አደገ። አንድ ጠዋት ጥንቸል በዚያ በኩል ሲሮጥ ቆይቶ ወደ ኤሊ መጣ።

"እማማ፣ ጓል ልረግጥ ስል ከእግሬ ሥር ተነስቶ በረረ።"

"ድምፅ ነበረው?"

"ፍርርር ይላል። የተነሳበት ቦታ ላይ ደግሞ እንቁላሎች አሉ።"

"ረገጥካቸው?"

"ለጥቂት ተረፉ። ስሸሽ ዞር ብዬ ባይ፣ ተመልሳ ተቀምጣባቸዋለች።"

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። "እንግዲያው ህልም አልነበረም" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ጥንቸል ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ማሳውን ትቶ በረጅሙ መንገድ ይዞራል። ችኮላው ግን አለቀቀውም፤ ዙሪያውን በሩጫ ነው የሚሄደው።

ተረቴን መልሱ፣ በማሳው ዳር ዳር ተመለሱ።