የእመት ቁራ ፎቅ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» ካላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ።

እመት ቁራ በአንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። የወፎች ደንብ «ለአንድ ዛፍ አንድ ጎጆ» ይል ነበር። አንድ ቀን ቢጫ ወፎች መኖሪያ አጥተው ሲንከራተቱ መጡና፣ «እባክዎ እመት ቁራ፣ ጥግ ላይ ያስጠጉን» አሏት።

«ደንብ ደንብ ነው! ሰፈሬን የጫጫታ ሰፈር ልታደርጉት ነው?» ብላ አባረረቻቸው።

በማግስቱ የገዛ ልጇ እያለከለከች ከች አለች። «እማዬ፣ እንቁላሌ ደርሷል፤ ዛፉ ሁሉ ተይዟል። የት ልጣለው?»

የእናት አንጀት አልቻለም። እመት ቁራ ከጎጆዋ በላይ ሌላ ጎጆ ትሠራላት ጀመር። ቢጫዎቹ ወፎች ይህን አይተው፣ «ደንቡስ?» ብለው ጮኹ።

«ምን ሆናችኋል? ይሄ እኮ ሌላ ጎጆ አይደለም፤ የጎጆዬ ፎቅ ነው!»

ወፎቹ ተያዩ። ከዚያ ሣር ሣራቸውን ይዘው ዋርካውን ወረሩት።

«እንግዲያው እኛ ምድር ቤት ነን!»

«እኛ በረንዳ!»

«እኛ የበረንዳው በረንዳ!»

ማታ ዋርካው እንደ ሰርግ ቤት ደመቀ። ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እመት ቁራ ነበረች።

ደንቡ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ዋርካው ላይ ያለው አንድ ጎጆ ብቻ ነው፤ በሮቹን ግን ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ተረቴ አለቀ፤ ጠጋ ያላችሁ እዚያው ሁኑ።