ወደ ግራ የምትጎትተው አሮጌ አውሮፕላን

አንድ የጂኦግራፊ መምህር አዳማ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ ምንያህል ይባላል። በሕይወቱ አውሮፕላን ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም መቀመጫው በክንፉ ትይዩ ስለነበር ከታች ያለውን አገር አላየም። ልቡ ግን ዘወትር ሰማይ ላይ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሲሙሌተር የሚባለውን የአውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ ጆይስቲክ የሚሏት የመሪ ዱላ አለችው። እሷን ገፍቶ፣ ስቦ፣ ግራና ቀኝ ጠምዝዞ አገር ምድሩን ሲዞር ያመሻል። ባለቤቱ ፀዳለ እራት ስታቀርብ፣ «ካፒቴን፣ ካረፍክ ወጥ ቀርቧል» ትለዋለች።

እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ነበር። ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ካፒቴን ይፍሩ ነበሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው እውነተኛ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ያበሯት የነበረችው ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ጭራዋ ላይ ትንሽ ጎማ ያላት፣ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የምትቀስር አሮጌ አውሮፕላን ናት። መኪና ወደማይደርስባቸው ወረዳዎች ፖስታ፣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ሙሽራ አድርሰውባታል። አብራሪዎቹ በፍቅር «እትዬ» ይሏት ነበር።

እትዬ ከሥራ ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ አካሏም ተቆራርጦ ለብረት ቀላጮች ሄዷል። ካፒቴኑ ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተር ተማሩና ሲሙሌተሩ ውስጥ እንደገና ሠሯት። ዓመታት ፈጀባቸው። የሞተሯን ሳል፣ የበሯን ሲጥሲጥታ፣ ስትነሳ የምትንቀጠቀጠውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ከትዝታቸው ቀድተው አወጡት። ሲጨርሱ ለቡድኑ በነፃ ሰጧትና እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ልጆቼ፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ይይዛታልና አትቸኩሉባት። ሞተሯ እስኪሞቅ ታገሷት። የቀረውን እሷው ታስተምራችኋለች።»

መምህር ምንያህል ገና ሲያያት ወደዳት። ሞተሯ ተንደቅድቆ ጢስ ተፍቶ ሲነሳ ብቻውን ሳቀ። ዳሩ ግን ማኮብኮቢያው ላይ ፍጥነት ስትይዝ ወደ ግራ ጎተተችው። ቢመልሳት እምቢ አለች፤ ሄዳ ሣር ውስጥ ገባች። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ሣር። በሌሎቹ አዳዲስ አውሮፕላኖቹ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

መምህሩ ደግሞ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። የጎረቤቱን ሬዲዮ፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ሁሉ እሱ ነው የሚጠግነው። የእትዬ ጠባይ በቁጥር የተጻፈበትን ፋይል ከፈተና ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የቀኙን ሞተር ጉልበት ቀነሰ፤ ትንሽ ተሻላት። ቀጥሎ የቀኙን ጎማ ፍሬን አጠበቀ። ደግሞ በቀኝ ክንፏ ላይ ክብደት ጨመረ። እያንዳንዱ ጥገና ሌላ ጥገና ወለደ። መሬት ላይ ስትቃና አየር ላይ ታዘማለች፤ አየር ላይ ስትቃና ስታርፍ አንድ ክንፏን ትጥላለች። እሱም አልሰለቸም። በመጨረሻ እትዬ ቀጥ ብላ ተነሳች። ከደስታው ብዛት ፀዳለን ከጓዳ ጠርቶ አሳያት።

ወዲያው ለቡድኑ ጻፈ፦ «የካፒቴን አውሮፕላን ቆንጆ ናት፤ ነገር ግን አሠራሯ ጠማማ ነው። ዘመኑ ስለራቀባቸው ረስተው ይሆናል። እኔ አቃንቻታለሁ። የመጀመሪያዋን አጥፉና ይቺን ውሰዱ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የረዳ መስሎት ነው። ብዙዎቹም ሳይሞክሯት «ጎበዝ!» አሉት።

በማግስቱ ካፒቴን ይፍሩ መለሱ። «ልጄ፣ አመሰግናለሁ። ዕድሜም አለ፤ ረስቼ ይሆናል» አሉ። ከዚያም የሠሯትን እትዬ ከቡድኑ ላይ አነሷት። ከዚያ ወዲያ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃቸው መልስ መስጠት አቆሙ።

ጥቂት ቆይቶ ሩሐማ የምትባል፣ ጅማ የምትኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ለመምህሩ ጻፈችለት።

«መምህር፣ ያቃኗት አውሮፕላን እኔ ጋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። በተነሳሁ ቁጥር አጥር ውስጥ ነው የምትከተኝ።»

«አያያዝሽ ይሆናል» አላት።

«የካፒቴን እትዬ እኮ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄድልኝ። ሌሎቹንም ጠይቄያቸው እንደኔው ነው ያሉት። እስቲ እጅዎን ከዱላው ላይ ያንሱና ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያይ ይመልከቱ።»

መምህሩ ተቀየመ። ቢሆንም ስህተቷን ሊያሳያት ብሎ እንዳለችው አደረገ። ሲሙሌተሩ የመሪ ዱላው የቆመበትን ቦታ በነጥብ የሚያሳይበት ገጽ አለ። ማንም ሳይነካው ነጥቡ መሐል ላይ መቆም አለበት። መምህሩ እጁን አነሳ። ነጥቡ ከመሐል ወጥቶ ወደ ግራ ተጠግቶ ቆሟል። ዱላዋን ነካ አድርጎ ለቀቃት፤ ነጥቡ ዞሮ ዞሮ እዚያው ግራው ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ፀዳለ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም ብላ አየች።

«ማን ነክቶት ነው ወደዚያ የሄደው?»

«ማንም አልነካውም።»

«ታዲያ ዱላህ ነዋ የጠመመው!»

በዱላዋ ውስጥ ያለው ሞላ ከብዙ ዘመን መጠምዘዝ የተነሳ ላልቶ ኖሯል። አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች አብራሪው ቢስትም ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያቃኑ ጉዱን ሸፍነውለት ቆይተዋል። እትዬ ግን የድሮ ሰው ናት፤ እጅ ያዘዛትን ብቻ ነው የምታደርገው። እሱም በዚያ ጠማማ ዱላ ልክ ደህናይቱን አውሮፕላን ሲያጣምም ከርሟል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች ፀዳለ። መልሳ ደግሞ አሳዘናትና ትከሻውን ነካ አደረገችው።

መምህሩ ዱላዋን ፈትቶ ሞላውን ቀየረ። ከዚያ ካፒቴኑ የሠሯትን የመጀመሪያዋን እትዬ ሳይነካ ካስቀረው ቅጂ ፈልጎ አስነሳት። ሞተሯ እስኪሞቅ ታገሣት። እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ሮጠችና ቀስ ብላ ከመሬት ተላቀቀች። ደስ ሊለው በተገባ፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጥፋቱን ለቡድኑ ሳይሸፋፍን ጻፈ። ሰዉ ቀለደበት፣ ይቅር አለውም። ከካፒቴን ይፍሩ ግን ድምፅ የለም። ቅዳሜ ሲደርስ ሚኒባስ ተሳፍሮ እሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ ቢሾፍቱ ሄደ።

ቤቱን አጠያይቆ ሲያንኳኳ ልጃቸው ሶስና ከፈተችለት። ማንነቱን ሲነግራት ፊቷ ጠቆር አለ።

«እርስዎ ነዎት መምህሩ? አባባ የእርስዎን ጽሑፍ ካነበቡ ወዲህ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሰውታል። ምን እንደሆኑ ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም። ይግቡ።»

ካፒቴኑ ጓሮ ሆነው ፓፓያ ያጠጡ ነበር። መምህሩ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው አስቀሩት።

«ካፒቴን፣ ጠማማው የእኔ ዱላ ነው። እትዬ ምንም የለባትም።»

«ምን አልክ?»

«ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ምንም አልረሱም።»

የውሃው ቱቦ ከእጃቸው ወደቀ። በአጠገባቸው ወደነበረው አግዳሚ ወንበር ሄደው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ውሃው እግራቸው ሥር መፍሰሱን እንኳ ልብ አላሉትም።

«ስማ ልጄ፣ እኔ አልተቀየምኩህም» አሉ። «ያን ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መረመርኳቸው። ስህተት አጣሁ። ስህተት ሳጣ ጊዜ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። እናቴ በስተርጅናዋ የእኛን የልጆቿን ስም ረስታ ነው የሞተችው። እኔም ጀመረኝ ማለት ነው አልኩ። እትዬን እንዲህ ከረሳሁ፣ ነገ ደግሞ ሶስናን...»



ሶስና ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። «አባባ! ይህን ሁሉ ብቻዎን ተሸክመው ነው የከረሙት?» አለችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ያኔ ስለ አውሮፕላን ብቻ የጻፈ መስሎት ነበር።

ሶስና ቧንቧውን ዘግታ ሁለቱንም ወደ ቤት አስገባቻቸው። ጨርቁ ከኮምፒውተሩ ላይ ተገፈፈ። ካፒቴኑ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ወገባቸው ቀና አለ። ጣቶቻቸው ማንም ሳያስታውሳቸው እያንዳንዱን ማብሪያና ማጥፊያ በየተራው ነኩ። «በይ ተነሺ እንጂ እትዬ» አሏት፤ ተነሳች። ከቢሾፍቱ ሐይቅ በላይ ዞረው፣ ደመና ሰንጥቀው፣ ድሮ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አሳፍረው ከዝናብ ጋር የታገሉበትን ሸለቆ አሳዩት። ሕፃኑ በበረራ ላይ ሳለ እንደ ተወለደና እናቲቱ «አየለኝ» ብላ እንደ ሰየመችው ሲያወሩ ሶስና በመገረም ታያቸው ነበር። ይህን ታሪክ ለእሷም ነግረዋት አያውቁም።

በመጨረሻ ከወንበሩ ተነሱና፣ «በል አሁን አንተ አሳርፋት» አሉት።

መምህሩ በተቻለው ሁሉ ተጠነቀቀ። እትዬ ግን መሬት ስትነካ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ደግማ ዘለለች፤ ከማኮብኮቢያው ወጥታ ሣር ውስጥ ቆመች። ካፒቴን ይፍሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይኼስ የዱላው አይደለም፤ የራስህ ነው!» አሉት።

በዚያው ዕለት እትዬ ወደ ቡድኑ ተመለሰች። ካፒቴኑም እንደ ድሮው ለየሰዉ ጥያቄ መመለስ ጀመሩ።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ጠሞ ሲታየን እውነትም ጠሞ ይሆናል። ሁልጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን «ጠማማ ነው» ከማለታችን በፊት የለካንበትን መለኪያ መፈተሽ አይከብድም። ያቺ ቃል የምታርፍበት ሰው ምን ፍርሃት በልቡ ይዞ እንደሚያድር አናውቅምና። የተሳሳትነው እኛ ሆነን ስንገኝ ደግሞ፣ በአደባባይ የተናገርነውን በአደባባይ ማረም ተገቢ ነው፤ የቆሰለው ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ማንኳኳት ግን ከዚያም ይበልጣል።

እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ ፈጥነው የፈረዱበት፣ ዛሬ በሬን ያንኳኳሉ ብሎ የማይጠብቅዎ ሰው ማን ይሆን?