መቅዘፊያው ዳስ የተሸከመበት ቀን

የተረቴን ገመድ ጫፍ ያዙልኝ እንግዲህ። እናንተ ያዙ፣ እኔ እየጎተትኩ አወራለሁ። መሃል ላይ የለቀቀ ሰው ከመጀመሪያው ነው የሚያስጀምረኝ፣ አደራ።

ጦይባ የምትባል ልጅ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የምትፈራው ነገር ብዙ ነው፤ ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ እንቁራሪት ትፈራለች፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያያት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ትፈራለች። ያን ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ጠራት። ወጣች፣ ከኋላ ያለውን መስኮት እያየች የልብን ሥራ ከዳር እስከ ዳር አስረዳች። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲህ እጇን ታወጣለች። ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ታዲያ፤ ከክፍል ስትወጣ ያቺው ጦይባ ናት።

መስኮቱን ማየት ያስተማረቻት አክስቷ ዘሐራ ናት። እንዴት መሰላችሁ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጦይባና እናቷ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ አያቷ ቤት ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ጣርማበር ዋሻ ሲገባ ጦይባ ትንፋሿን ትይዛለች። ደሴ ላይ ጉም ይቀበላቸዋል። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ሐይቁ ከታች ብልጭ ይላል፣ ዘሐራም መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። የቀረው ክረምት የሁለቱ ነው። በለስ መልቀም፣ እሾሁን ከጣት ላይ በጥርስ መንቀል፣ ዝናቡ ሲያባራ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት አስጠብሶ እየተቃጠሉ መጋጥ፣ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ መሳቅ። የሁሉ አውራ ግን በቀዛፊው በአያ ይመር ታንኳ ሐይቁ መሃል ድረስ መሄድ ነው። ታንኳው ሲወዛወዝ ጦይባ ታለቅሳለች። ዘሐራ እጇን ጭብጥ አድርጋ ትይዝና "ወደ ታች አትይ፣ ማዶውን እይ" ትላታለች። ማዶውን ስታይ ልቧ ይረጋል።

ያን ዓመት የመጡት ለሰርግ ነው፤ የምታገባው ደግሞ ራሷ ዘሐራ ናት። ነገ ሙሽራው ሎጊያ የምትባል ሩቅ የቆላ ከተማ ይዟት ይሄዳል። ሎጊያ ሐይቅ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ሙቀት ብቻ ነው ይላሉ።

ጦይባ የፈለገችው አንዲት ነገር ናት። ከዘሐራ ጋር አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሐይቁ መሃል ደርሶ መመለስ። ጊዜው ግን አጭር ነው። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንደተሰገደ ሂና የሚቀቧት ሴቶች ይመጣሉ፤ ሂና የታሰረላት ሙሽራ ደግሞ እጇ ውሃ አይነካም፣ እግሯ ከምንጣፍ አይወርድም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጦይባ ወደ ሐይቁ ሮጠች። አያ ይመር ባዶ ታንኳው ውስጥ ተጎልቶ በቆሎ ይግጣል።

"አያ ይመር፣ እኔንና ዘሐራን ውሰደን!"

"በምን ልውሰድሽ፣ በእጄ? ዳስ ላግዝ ብዬ ጠዋት እናንተ ቤት መጣሁ። መቅዘፊያዬን እዚህ ብተወው ጎረምሳው ሁሉ ታንኳዬን ይዞብኝ ይጠፋል፣ ተሸክሜው ሄድኩ። አጥር ላይ አስደግፌ ውሃ ጠጥቼ ብመለስ፣ አንድ ባላ ጎደለን ብለው ዳሱ ሥር ተክለውታል! ዳሱ የቆመው በኔ መቅዘፊያ ነው፣ ወላሂ!"

አያ ይመር አልቀዝፍም አለ። ጦይባም ሐይቁ መሃል ሳትደርስ ሂናው ሊመጣ ነው።

ወደ ሰርጉ ቤት ተመለሰች። ዳስ ጣዩ ጋሽ እንድሪስ መሰላል ላይ ቆመው ሸራ ይወጥራሉ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እባክዎ መቅዘፊያውን ይስጡኝ።"

"ይሄን? ይሄን ከነቀልኩት ሸራው ከነዝናቡ እንግዳው አናት ላይ ነው የሚወርደው። የአዲስ አበባ ሰው፣ ሰርጉን ልታፈርሺ ነው እንዴ የመጣሽው?" ብለው ሳቁ። "ይልቅ እትዬ ዘይነባ ጋ ጥሩ ባላ አለ። እሱን አምጪ፣ መቅዘፊያሽን ውሰጂ።"

መቅዘፊያው ከዳሱ አልነቀል አለ፣ አያ ይመር አልቀዝፍም አለ። ጦይባም ሐይቁ መሃል ሳትደርስ ሂናው ሊመጣ ነው።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤት ናቸው። የበረታቸው በር ተገንጥሎ በባላ ተደግፏል፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ቀይ ላማቸው አንገቷን ታሻለች።

"ባላውን ልስጥሽና ይቺ ላም የሰው በቆሎ ትጨርስ? ትናንት ገብታ የጠጣሁትን ስድብ አልሰማሽም! ገመድ ቢኖረኝ ባሰርኳት። ገመዴን ያ ሙሄ ወሰደው፣ የሰርጉን ሙክት አስሮበታል። ገመዴን መልሺልኝ፣ ባላውን ይዘሽ ሂጂ።"

ባላው ከበረቱ አልነሳ አለ፣ መቅዘፊያው ከዳሱ አልነቀል አለ፣ አያ ይመር አልቀዝፍም አለ። ጦይባም ሐይቁ መሃል ሳትደርስ ሂናው ሊመጣ ነው።

አያ ሙሄ ከሰርጉ ቤት ጓሮ ነው። ቀንዱ የተጠማዘዘ ሙክት በአንድ በኩል ይጎትታል፣ አያ ሙሄ በሌላ በኩል ይጎትታል፤ ማን ማንን እንዳሰረ አይታወቅም።

"ገመዱን? ይሄን ገመድ ከፈታሁት ይሄንን በግ ደሴ ነው የምታገኚው! ጠዋት አምልጦኝ መስጊድ በር ድረስ ነው ያሯሯጠኝ። ሰው ሁሉ ሙሽራው መጣ ብሎ እልል አለ! ጓዳው ቢከፈትልኝ እዚያ ዘግቼበት ገመዱን እሰጥሽ ነበር። ቁልፉ ግን አባባ ኪስ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለምኜያቸው እንቢ ብለውኛል።"

ገመዱ ከበጉ አንገት አልፈታ አለ፣ ባላው ከበረቱ አልነሳ አለ፣ መቅዘፊያው ከዳሱ አልነቀል አለ፣ አያ ይመር አልቀዝፍም አለ። ጦይባም ሐይቁ መሃል ሳትደርስ ሂናው ሊመጣ ነው። ይዛችኋል? ያዙ!

አባባ የጦይባ አያት ናቸው፣ የዘሐራ አባት። ከቤቱ ኋላ ቁርበት ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥራሉ። ሰርግ ያለበት ሰው አይመስሉም።

"አባባ፣ የጓዳውን ቁልፍ ይስጡኝ።"

"አልሰጥም።"

"ለምን አባባ?"

ሙስበሃዋ ሦስት አራቴ ጠቅ ጠቅ አለች።

"ጓዳው ውስጥ የዘሐራ ሻንጣ አለ። ቁልፉን የሰጠሁ ሰዓት ሻንጣዋ ወጣ፣ እሷም ወጣች ማለት ነው። ፊቷን ካየሁ ሦስት ቀኔ። ሴቶቹ ዘግተውባታል። ወንድ አይገባም ይላሉ፤ እኔ አባቷ ነኝ እንጂ ወንድ ነኝ? አትሂድ አላልኩም፤ ትሂድ። ሳላያት ግን ይሄ ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም።"

"ታዲያ በሩን ለሚጠብቁት ለእትዬ ሩቂያ አይነግሯቸውም?"

"እኔ?" አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይሄን ያህል ሴት ፊት ቆሜ ልጄን አሳዩኝ ልበል? ይስቁብኛል፣ እናቴ።"

ጦይባ አያቷን አየቻቸው። ያንን ፊት ታውቀዋለች። መስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ አይታዋለች።

ቁልፉ ከአባባ ኪስ አልወጣ አለ፣ ገመዱ ከበጉ አንገት አልፈታ አለ፣ ባላው ከበረቱ አልነሳ አለ፣ መቅዘፊያው ከዳሱ አልነቀል አለ፣ አያ ይመር አልቀዝፍም አለ። ጦይባም ሐይቁ መሃል ሳትደርስ ሂናው ሊመጣ ነው።

ወደ ሙሽራዋ ክፍል ሄደች። በሩ ላይ የዘሐራ ታላቅ እህት እትዬ ሩቂያ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ክፍሉ ሴት በሴት ነው፤ ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል። በሴቶቹ ትከሻ መሃል የዘሐራ ግንባር ብቻ ይታያል።

"እትዬ ሩቂያ፣ ዘሐራ ትንሽ ብትወጣ..."

"ምን? ሙሽራ ትወጣለች እንዴ? ሂጂ፣ ሽንኩርት ክተፊ!"

ጦይባ ሄደች። ወላሂ ሄደች፣ ምን ልዋሽ። ማድ ቤት ገብታ አንድ ሽንኩርት ከተፈች። ሁለተኛውን ግማሽ ላይ ስታደርስ እንባዋ መጣ፤ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ ነገር አልለየችውም። ሙሽራዋ ከክፍሉ አትወጣም፣ ቁልፉ ከአባባ ኪስ አይወጣም፣ ገመዱ ከበጉ አይፈታም፣ ባላው ከበረቱ አይነሳም፣ መቅዘፊያው ከዳሱ አይነቀልም፣ አያ ይመር አይቀዝፍም። ዐስር ደግሞ ሊደርስ ነው። ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ተመልሳ በእትዬ ሩቂያ ክንድ ሥር ሾልካ ገባችና መሃል ላይ ቆመች። እጇንም አወጣች፣ ልክ እንደ ክፍል።

ጭብጨባው ቆመ። አንዷ ሴትዮ "ምን ልትጠይቅ ነው ይቺ፣ ፈተና አለ እንዴ?" አሉና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጦይባ ወለሉን ልታይ ነበር፣ አላየችም። በወዲያኛው ግድግዳ መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ። እሱን አየች።

"ከዘሐራ ጋር አንዴ ሐይቁ መሃል ደርሰን መመለስ ፈልጌ ነበር። አያ ይመር ግን መቅዘፊያ የለውም" አለች። "መቅዘፊያው ዳስ ተሸክሟል። ዳሱ ባላ ይፈልጋል። ባላው የእትዬ ዘይነባን ላም ዘግቷል። ላሟ ገመድ ትፈልጋለች። ገመዱ በጉን አስሯል። በጉ ጓዳ ይፈልጋል። የጓዳው ቁልፍ አባባ ኪስ ውስጥ ነው።"

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። "ኧረ አባባስ ምን ይፈልጋሉ?" አለች አንዷ።

"ልጃቸውን" አለች ጦይባ። "ካዩዋት ሦስት ቀናቸው ነው። መጥተው እንዳይጠይቁ እናንተን ይፈራሉ።"

ሳቁ ጠፋ። ከሴቶቹ መሃል የዘሐራ ግንባር ብድግ አለ፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ መላ ፊቷ።

እትዬ ሩቂያ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። "አባባ እንዲህ አለ? እኔን? እኔን ፈራ?" አሉ። "እኔ ደግሞ ዝም ሲል የተቆጣ መስሎኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን እየፈራሁ ነው።" ዓይናቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን መለሱ። "በሉ ሻርፕ ደርቡላት! ሰው ምን ይላል እንዳትሉኝ፣ ያለው ይበል። ሂናውን እኔ በጥብጬ እቆያለሁ። ዐስር ሲሰገድ ግን እዚህ ትገኛላችሁ፣ ሰምታችኋል?"

አሁን ነው ገመዱ የሚላላው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!

ሙሽራዋ ከክፍሉ ወጣች፣ አባባ አዩዋት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ቁልፉ ከኪስ ወጣ፣ ጓዳው ተከፈተ፣ በጉ ገባ፣ አያ ሙሄ "እፎይ" ብሎ ተቀመጠ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ላሟ ታሰረች፣ ባላው ተነሳ፣ ዳሱ አዲስ እግር አገኘ፣ መቅዘፊያው ተነቀለ፣ ጋሽ እንድሪስ "የአዲስ አበባ ሰው!" እያሉ ከመሰላል ወረዱ፣ አያ ይመርም የበቆሎውን ቆረቆንዳ ጥሎ ቀዘፈ!

ታንኳው ላይ ከአያ ይመር ሌላ ሦስት ሆኑ። አባባም ገብተዋል። "እኔስ ከማን አንሼ?" ብለው ነው። ሐይቁ ዝናብ ያባራበት ሐይቅ ነው፣ ዝም ያለ። ከዳር የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ይመጣል። አባባ ልጃቸውን ያያሉ፣ ይተዋሉ፣ ደግሞ ያያሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ንፋስ መጣና ታንኳው ተወዛወዘ። ጦይባ እጇን ስትዘረጋ የዘሐራ እጅ ቀድሞ ያዛት።

"ጦይባዬ፣ ፈራሁ" አለቻት በጆሮዋ፣ አባቷ እንዳይሰሙ።

"ውሃውን?"

"ሎጊያን።"

ጦይባ እጇን ጭብጥ አደረገችላት።

"ወደ ታች አትይ" አለቻት። "ማዶውን እይ።"

ዘሐራ ማዶውን አየች። ከመስጊዱ የዐስር አዛን ሲሰማ አያ ይመር ታንኳውን አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ነሐሴ ሲገባ ዘሐራ ከሎጊያ ትደውላለች፣ "በቆሎው ደረሰ?" ትላለች መጀመሪያ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ጦይባም አሁን ሰው ፊት ቆማ ትናገራለች፣ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ግን አሁንም ትንፋሿን ትይዛለች።

ጫፉን የያዛችሁ፣ በሉ ልቀቁት። ታንኳው ዳር ደርሷል።