ያለ ሹም የማይተኮሰው መድፍ

ተረት መጣች፤ ስፍራ ልቀቁላት። ያልቸኮለ ይቀመጥ፤ የቸኮለም ይቀመጥ፤ በዚህች ተረት ውስጥ የሚቸኩል ሰው አንድ ብቻ ነው።

ንጉሡ ወርደው ሪፐብሊክ በታወጀ በሦስተኛው ዓመት፣ ከአንዲት የወደብ ከተማ ማዶ፣ ወደ ባሕሩ በገባ ድንጋያማ ስፍራ፣ አሥር አለቃ ጓንጉል የሚባል መድፈኛ ነበረ። ከእሱ ጋር አንድ መድፍ ነበረ። ሌላ ማንም አልነበረም። ምሽግ ሊሠራበት ነው ተብሎ ዓሣ አጥማጆች እንኳ ዝር እንዳይሉበት ተከልክሏል። ምሽጉን የሚያሠራው የመድፈኛ ሹምም "በቅርቡ ይመጣል" ተብሎ ነበር። ይኸው "በቅርቡ" ሁለት ዓመት ሞላው።

ጓንጉል ማዕረግ አልፈለገም፣ ኒሻን አልፈለገም። የፈለገው ከገበታው ማዶ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው። ቂጣውን በሽሮ ይፈተፍታል፤ ደህናውን ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ይዘረጋል፤ የሚቀበለው የለም። ሰው ራሱን አያጎርስም እኮ። መልሶ ሳህኑ ላይ ያስቀምጠዋል።

አንድ ጧት በታንኳ ተሻገረና ሹም ይሆናሉ የተባሉትን ሻምበል መርዕድን ቤታቸው አገኛቸው። ጓዛቸውን ጠቅልለው ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጌታዬ፣ ይምጡልኝ። ብቻዬን መብላት መረረኝ።"

"እንዴት ብዬ? የሹመት ደብዳቤው አልደረሰኝም።"

ሹሙ ያለ ደብዳቤ አይመጣም፤ ጓንጉልም ብቻውን ይበላል።

ወደ ጸሐፊው ወደ አቶ ብሥራት ሄደ። "አቶ ብሥራት፣ ደብዳቤውን ይስጡኝ። ሹሙ ያለ ደብዳቤ አይመጣም፤ እኔም ብቻዬን እበላለሁ።"

"ደብዳቤው ከተጻፈ ቆየ፤ ይኸው። ማኅተም ግን የለውም። አሮጌው ማኅተም ዘውድ አለበት። በሱ ባትምበት ሹመቱን የሰጠው ማን ሊባል ነው፣ የወረዱት ንጉሥ?"

ወደ ማኅተም ቀራጯ ወደ እመት ጥሩወርቅ ሄደ። "እመት፣ ማኅተሙን ይቅረጹልኝ። ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይወጣም፤ ሹሙ ያለ ደብዳቤ አይመጣም፤ እኔም ብቻዬን እበላለሁ።"

"ናሱንማ ሞርጄ ሞርጄ ሳስቶብኛል። ግን ምን ልቅረጽበት? የአገሩ ምልክት ገና አልተመረጠም፤ የሚመርጠው ጉባኤው ነው።" ሞረዳቸውን አስቀመጡና፣ "ብቻዬን ነው የምበላው ያልከኝ?" አሉት።

"አዎ እመት።"

"እኔም" አሉና ወደ ሞረዳቸው ተመለሱ።

ወደ አፈ ጉባኤው ሄደ። "ጌታዬ፣ ምልክት ምረጡልኝ። ማኅተሙ ያለ ምልክት አይቀረጽም፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይወጣም፤ ሹሙ ያለ ደብዳቤ አይመጣም፤ እኔም ብቻዬን እበላለሁ።"

አፈ ጉባኤው ካባቸውን አስተካከሉ። "ጉባኤው የሚቀመጠው ቀትር ላይ መድፍ ሲተኮስ ነው፤ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው። በየቀኑ ለብሰን እንመጣለን፤ ደጃፉ ላይ ቆመን እናዳምጣለን። መድፉ አይጮህም፤ ወደየቤታችን እንመለሳለን።"

"መድፉ የት ነው ያለው ጌታዬ?"

"ከባሕሩ ማዶ። አንድ ሰነፍ መድፈኛ ተቀምጦበታል አሉ።"

ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቀዝፎ ተመለሰና መድፉ ፊት ቆመ። "መድፌ ሆይ፣ ጩህልኝ። ጉባኤው ያለ መድፍ አይቀመጥም፤ ምልክቱ ያለ ጉባኤ አይመረጥም፤ ማኅተሙ ያለ ምልክት አይቀረጽም፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይወጣም፤ ሹሙ ያለ ደብዳቤ አይመጣም፤ እኔም ብቻዬን እበላለሁ።"

መድፉ ምን ይመልስ፤ ብረት ነው። መልሱን የሚያውቀው ጓንጉል ራሱ ነው፤ ምልምል ሳለ በቃሉ ያጠናው ደንብ ነው፦ ያለ ሹም ትእዛዝ የተኮሰ ይታሰራል። ሹሙ መድፉን ይጠብቃል፤ መድፉ ሹሙን ይጠብቃል፤ በመካከል ክብሪቱን የያዘው እሱ ነው። ፈራ። አሥራ አምስት ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን አልታሰረም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቂጣውን ፈተፈተ፤ ጉርሻውን ጠቀለለ፤ እጁን ዘረጋ። ማዕበሉ መጥቶ ተመለሰ። ጓንጉል ጉርሻውን አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ መድፉን፣ ጎርሶ የማያውቅ ያህል፣ ባሩድ ብቻ አጎረሰውና ለኮሰው።

መድፉ ጮኸ። ጉባኤው ተቀመጠ። ምልክቱ ተመረጠ፤ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀው ዓሣ መረጡ። ማኅተሙ ተቀረጸ፣ ደብዳቤው ታተመ፣ ሹሙ ሣጥናቸውን ይዘው ከታንኳ ወረዱ።

"ያለ ትእዛዝ የተኮሰው ማነው?" አሉ ሻምበል መርዕድ፣ ገና እግራቸው ሳይደርቅ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ሦስት ቀን ትታሰራለህ። እስር ቤቱ የት ነው?"

"ገና አልተሠራም። የሚያሠሩት እርስዎ ነዎት።"

"ዘብስ?"

"ዘቡ እኔ ነበርኩ ጌታዬ።"

ሻምበሉ ግራና ቀኝ አዩ። ድንጋይ፣ ውኃ፣ አንድ መድፍ፣ አንድ ሰው። ሣጥናቸውን ከገበታው ማዶ አስቀምጠው ተቀመጡበት። "እንግዲህ ራሴ እጠብቅሃለሁ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቂጣውን በሽሮ ጠቀለሉና፣ "አፍህን ክፈት" አሉት።

ጓንጉል ጎረሰ፤ ማኘክ ግን አቃተው፤ እንባው ቀደመው። ሻምበሉ እንዳላዩ ሆነው፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

ምሽጉ እየተሠራ ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሠላሳም አለፈ። እስሩ ማለቁን ሻምበሉ አልተናገሩም፤ ጓንጉልም አላስታወሳቸውም።

ተረቴን እዚህ አሰርኳት፤ የሚፈታት ከጎረቤቱ ጋር ይብላ።