የወንዙ በረኛ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በር መጠበቅ ነው፤ የቤት በር አይደለም፣ የወንዝ በር። የበሩን መዘውር ወደዚህ ሲያዞረው ወንዙ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ወደዚያ ሲያዞረው በሩ ተዘግቶ ወደ ሩዝ ማሳው ይታጠፋል።

በዚያ ሐይቅ ሌላ አገር የማይገኝ ነጭ ዓሣ አለ። ክረምት ሲሆን እንቁላሉን ሊጥል ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ ይህ ዓሣ እያለቀ ሄደ። አንዱ ውኃ ጠለፈበት፣ ሌላው መረብ ዘረጋበት። በመጨረሻ መንግሥት የላዩንም የታቹንም ወረዳ ሰብስቦ አስማማ። ዓሣው በሚወጣበት ሰሞን የላዮቹ ከግድባቸው ውኃ ይልቀቁ፣ በረኛው በሩን ይክፈት፣ የታቾቹ መረባቸውን ያንሡ ተባለ። ሁሉም በአንድነት! አንዱ ከጎደለ የሌላው ድካም ከንቱ ነው።

ሰውየውም እጁን አውጥቶ ተስማማ። እናንተስ ስንት ጊዜ እጃችሁን አውጥታችሁ ተስማምታችኋል?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለጊዜው ቀጥ አለ። ሩዙ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቹ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ ከፊት የእድሩ ዳኛ አያ መኳንንት ነበሩ።

«ዝጋልን» አሉት።

«አያ፣ ዓሣው እየወጣ ነው እኮ።»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ ልጄ። እናትህ ታማ ተኝታ የለም? ነገ ማን ሊቀብርልህ ነው? ዓሣው?»

ፈራ። ወገኖቼ፣ ቶሎ አትፍረዱበት። የእናቱን አስከሬን ብቻውን ሲሸከም ታየው። «የላዮቹ ለቀዋል፣ የታቾቹ አንሥተዋል፤ እኔ አንድ ቀን ብዘጋ ምን ይጎድላል?» አለና መዘውሩን አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። ወንዝ የለም። ድንጋይ ብቻ። ርቆ ሲሄድ በአንዲት ኩሬ ውስጥ ነጭ ዓሦች ተደራርበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሆዳቸው በእንቁላል ተወጥሯል። አሞሮች ዳር ዳሩን ቆመዋል፤ አልቸኮሉም።

ስልኩ ጮኸ። ሐይቁ ዳር የሚኖር ስማቸው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው።

«ወንድምዓለም! መረቡን ሰቅለን ልጆቹ የበቆሎ እሸት ብቻ እየበሉ ነው። ግን ግድ የለም፣ አንተ እስካለህ አንሰጋም። ዓሣው አለፈልን?»

አፉን ከፈተ፣ እንደ ዓሦቹ። ስልኩን እንደያዘ ሽቅብ ሮጦ መዘውሩን አዞረ። ውኃው መጣ። ኩሬዋ ጋ ሲደርስ ግን አሞሮቹ በልተው ጨርሰው ነበር።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ዱላ የያዙትን ፈራ፤ ያመኑትን መክዳት ግን አላስፈራውም። እኛስ? ፊታችን የቆመውን እንፈራለን፤ ወንዙ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚጠብቀንን እንረሳለን። እግዚአብሔር እኮ ሰውን ሳይፈጥር አስቀድሞ ዓሣን ባርኳል! እርሱ የባረከው በእጃችን ሲያልቅ አያስፈራችሁም? እኔን ያስፈራኛል፤ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በእጃችሁ ያለው መዘውር የትኛው ነው? ከላያችሁ ያለው ድርሻውን ለቋል፤ ከታቻችሁ ያለው ተርቦ ይጠብቃል። አንድ ቀን ይደውልላችኋል። በእናንተ ተማምኖ፣ ድምፁ ደስ ብሎት፣ «አለፈልን?» ይላችኋል።

ምን ትሉታላችሁ?